ለእኔ ብቻ የሚሰማ ፉጨት

አምፕሊፋየር በእጄ እየሠራሁ መሆኑን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ለምን አትገዢም? የሥራ ባልደረቦቼ ጠየቁኝ። እህቴ ከምትኖርበት ከሴንቴኒያል ከተማ ደውላ ጠየቀችኝ። ከቅዳሴ ወጥተን መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን ስናወራ አንዲት የማላውቃት ሴት ሳትቀር ጠየቀችኝ። መጀመሪያ ላይ በትዕግሥት አስረዳ ነበር። እየቆየ ግን ጥያቄው ራሱ ያንገሸግሸኝ ጀመር። ሹራብ የምትሠራን ሴት ለምን አትገዢም የሚላት የለም። ጓሮው ቲማቲም ተክሎ የሚለቅመውን ሰው ሱቅ ሞልቶልህ የለም እንዴ የሚለው የለም። አምፕሊፋየር ሲሆን፣ ያውም ሴት ስትሠራው፣ ሰው ፊቱን አጨፍግጎ የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ ይጠይቃል።

አገር ቤት ሳለሁ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቼ ኤሌክትሮኒክስ ተምሬያለሁ። ከክፍላችን ሴቶቹ ሦስት ብቻ ነበርን። ስጨርስ አንድ የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ አራት ዓመት ሠራሁ። ደንበኞች መበየጃውን በእጄ እንደያዝኩ እያዩኝ «ቴክኒሺያኑ የት ሄደ?» ብለው እኔኑ ይጠይቁኝ ነበር። እዚህ አሜሪካ ስመጣ ያ ሁሉ ቀረ። ከዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የሚወርዱትን መቀሶችና መቆንጠጫዎች አጥቤ፣ ደርድሬ፣ በእንፋሎት ቀቅዬ መልሼ እልካለሁ። ሥራዬን አልጠላውም። ነገር ግን አንድ ነገር ከባዶ ሠርቼ፣ ማብሪያውን ተጭኜ ሲነሣ ማየትን የመሰለ ደስታ የለውም። ልጃችን ኮሌጅ ገብታ ወደ ሌላ ስቴት ስትሄድ ባሌ በክፍሏ ውስጥ ሶፋ ላስገባ አለ። እኔ ቀድሜው ጠረጴዛ አስገባሁ።

ባሌ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመት መንገድ ሥራ ላይ፣ ኮንክሪት የሚቆርጥ መጋዝ ይዞ ውሏል። ደግ ሰው ነው፤ ይህን የምለው ቀጥዬ የምናገረው ሌላ ስለሚያስመስለው ነው። ከኩሽና ስጠራው አይመልስም። ሁለተኛ እጠራዋለሁ፣ አይመልስም። ሦስተኛ ላይ «እ?» ይላል፤ ገና አሁን የጠራሁት ይመስል። ወተትና ዳቦ አምጣ ብዬው ወተቱን ብቻ ይዞ ይመጣል። ቴሌቪዥን ሲከፍት ኳሱን ጎረቤት አብሮት የሚያይ ነው የሚመስለው። ቀንሰው ስለው «ዝቅ ብሏል እኮ» ይለኛል። በትዳራችን ውስጥ ከአፌ የማይጠፋ አንድ ነገር ቢኖር «አንተ ሰው አትሰማም» የሚለው ነበር። እሱም አይሰማኝም፤ እኔም መናገሬን አልተውም። እንዲህ ሃያ ዓመት ኖርን።

አምፕሊፋየሩን የጀመርኩት በክረምት ነው፤ የመጀመሪያው ስህተቴ ይኸው ነው። የዴንቨር ክረምት አየር ለማድረቅ የተሠራ ይመስላል። ምንጣፉ ላይ ሁለት እርምጃ ተራምደህ የበር እጀታ ስትነካ ብልጭ ብሎ ይነድፍሃል። ያቺ ብልጭታ ለሰው ቁንጥጫ ናት፤ ለትራንዚስተር ግን ሞት ናት። ስፒከሩን የሚነዱትን አራት ዋና ትራንዚስተሮች ካዘዝኩ በኋላ ሦስት ሳምንት ጠብቄ፣ ከፖስታቸው አውጥቼ በጣቴ ስነካቸው ሁለቱን ገደልኳቸው። በዓይን ምንም አይታይባቸውም። በቴስተር ስለካቸው ነው ሬሳ መሆናቸውን ያወቅሁት። እንደገና አዘዝኩ። ሌላ ሦስት ሳምንት። በዚህ መሀል ክፍሉ ውስጥ የውሃ እንፋሎት የሚተፋ ማሽን አስገባሁ፤ እጄ ላይ ከመሬት ጋር የሚያያዝ ሽቦ አሰርኩ። ባሌ በበሩ ብቅ ብሎ አይቶኝ «ታስረሽ ነው የምትሠሪው?» አለኝ።

ቀጥሎ የአምፖሉ ጣጣ መጣ። አዲስ አምፕሊፋየር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይሰካም። በመሀል አንድ የድሮውን ዓይነት፣ ውስጡ ክር ያለው መቶ ዋት አምፖል ይገባል። ስህተት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራና ዕቃው ይተርፋል። ስህተት ከሌለ አንዴ ደብዘዝ ብሎ ይጠፋል። አገር ቤት ሳለን ሁላችንም የምናደርገው ነገር ነው። አሁን ግን አሜሪካ ውስጥ ያንን አምፖል ፈልገሽ አምጪ! ሦስት ትልልቅ ሱቅ ገባሁ። ሁሉም የሚሸጡት አዲሶቹን ቆጣቢዎች ነው፤ እነሱ ደግሞ ለዚህ አይሆኑም። አንዱ ሻጭ ክር ያለው የሚመስል አመጣልኝ፤ ክሩ ውሸት ነው። መብራት እንዳይቆጥብ የምፈልግበትን ምክንያት ሳስረዳው እንደ ወንጀለኛ አየኝ። በመጨረሻ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ውስጥ፣ አንድ ማንም የማይገዛው የመኝታ ቤት መብራት ላይ ተሰክቶ አገኘሁት። አምፖሉን ብቻ አንሸጥም ስላሉኝ መብራቱን ከነጥላው ተሸክሜ ወደ ቤት ሄድኩ።

ከዚያም ሙቀቱ። የተከተልኩትን ንድፍ ያወጣው ሰው የሚኖረው ባሕር አጠገብ ነው። ሙቀቱን የሚያወጣውን የአሉሚኒየም ክንፍ የለካው በዚያው አየር ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ክንፍ ያንኑ ሙቀት አያወጣም። እጄን ሳሳርፍበት ፈጀኝ። ኢንተርኔት ላይ አማተሮች በሚወያዩበት ገጽ ጠየቅሁ፤ አንዱ አለካክሽ ተሳስቶ ነው ብሎ መለሰልኝ፤ ሌላው የኤሌክትሮኒክስ መግቢያ አንብቢ አለኝ። መልስ አልሰጠሁም። ክንፉን በእጥፍ የሚበልጥ ገዛሁና ጋራዥ ውስጥ ቀዳዳዎቹን እንደገና በሳሁ። ሁለት መብሻ ሰበርኩ።

ይህን ሁሉ አልፌ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራው አለቀ። አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ጠፋ። አምፕሊፋየሩን ሳሎን አውጥቼ ከስፒከሮቹ ጋር አገናኘሁት፤ ባሌን ጠራሁት፤ በሦስተኛው መጣ። የክራር ሙዚቃ ከፈትኩ። ጅማቱ ሲመታ ብቻ ሳይሆን ጣት ከጅማቱ ላይ ሲነሣ ሳይቀር ይሰማል። ባሌ ቆሞ እያዳመጠ ራሱን ነቀነቀ። ገና ደስታዬ ሳይሞላ ሙዚቃው አለቀና ቤቱ ጸጥ አለ። ያኔ ሰማሁት። ቀጭን ፉጨት፣ ጆሮ ሥር እንደምትዞር ቢምቢ ዓይነት፣ ከሁለቱም ስፒከሮች ሳያቋርጥ ይወጣል።

«ይሰማሃል?» አልኩት።

«ምኑ?»

«ፉጨቱ።»

አንገቱን ቀና አድርጎ ትንሽ አዳመጠ። «ምንም የለም። በጣም ቆንጆ ነው፤ ጨርሰሻል» አለኝና ሄደ።

ያ «ጨርሰሻል» ነው ቆሽቴን ያሳረረው። እሱ የሚፈልገው ነገሩ አልቆ ክፍሉን ለሶፋ ማስለቀቅ ነው ብዬ አሰብኩ። አምፕሊፋየሩን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አወጣሁትና ፈታሁት። ሽቦዎቹን ከመሬት ጋር የሚያያይዘውን መስመር በሙሉ ነቅዬ በሌላ መንገድ ዘረጋሁ፤ ሁለት ቅዳሜና እሑድ ወሰደብኝ። ጠረጴዛው ላይ ሳበራው ጸጥ ያለ ነው። ሳሎን ወስጄ ስሰካው ያው ፉጨት። ባሌ «ምንም የለም» አለ። ሁለተኛ ፈታሁት። ትራንስፎርመሩን ከሌሎቹ ዕቃዎች አርቄ፣ ኃይል የሚያጣሩትን ካፓሲተሮች በሙሉ ለወጥኩ። ፉጨቱ አለ። ባሌ «ምንም የለም» አለ። ሦስተኛ ጊዜ ሳጥኑን ጭምር ጥዬ በወፍራም ብረት ሌላ ሳጥን ሠራሁ። እጄ ተቆረጠ፤ ጥፍሬ ጠቆረ፤ ሥራ ቦታ ጓንት ሳወልቅ አለቃዬ አይታ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ፉጨቱ ግን ከነግርማው ተቀምጧል።

ጸጉሬን ልነጭ ስል አባባ ትዝ አሉኝ። አባባ የምላቸው በቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቅ አዛውንት ናቸው። አገር ቤት በሬዲዮ ጣቢያ ለረጅም ዘመን የድምፅ ቴክኒሺያን ሆነው ያገለገሉ፣ አሁን ሎውሪ ሰፈር በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ብቻቸውን የሚኖሩ። ደውዬ ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር የጠየቃቸው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባሌ በመኪናው አመጣቸው። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። እኔ የትምህርት ቤት ፈተና ላይ እንዳለሁ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። ፉጨቱ እንደዚያ ቀን ጮክ ብሎብኝ አያውቅም።

«ልጄ፣ ንጹሕ ነው» አሉኝ ዓይናቸውን ሲገልጡ። «እጅሽ ይባረክ።»

«አላልኩሽም?» አለ ባሌ።

ከዚያ ሁለቱ ሻይ እየጠጡ ስለ ኳስ ማውራት ጀመሩ። እኔ በሁለቱ መሀል ቆሜ፣ ፉጨቱ ጆሮዬን እየበሳኝ፣ ሁለት ወንዶች የምሰማው ነገር እንደሌለ ተስማምተው ሲያወሩ አያለሁ። ያ የሬዲዮ መጠገኛው ሱቅ ትዝ አለኝ፤ ቴክኒሺያኑ የት ሄደ የሚሉኝ። ባሌ ወደ ሎውሪ ሊመልሳቸው ሲነሣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ «ድካም ይሆናል» አለኝ። ሆስፒታሉ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ማሽን ሲጮህብሽ ነው የሚውለው፣ ድምፁ ጆሮሽ ላይ ቀርቶ ይሆናል አለ። በቅንነት ነው ያለው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የከፋው ግን እውነቱን ይሆናል ብዬ ማሰቤ ነው። በማግሥቱ በምሳ ሰዓቴ፣ ንጹሕ ጨርቅ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ጨርቅ የሞላው ክፍል ድምፅ ይውጣል። ቆሜ አዳመጥኩ። የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ፤ ሌላ ምንም የለም። ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት የለም። እንግዲያው ፉጨቱ ያለው ቤቴ ውስጥ ነው፣ እኔም ጤነኛ ነኝ፣ ማስረጃ ብቻ ነው የጎደለኝ ብዬ ወጣሁ።

ማስረጃውን ያገኘሁት ፓርክ ሂል ሰፈር ነው። አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ያገለገለ ኦሲሎስኮፕ እንደሚሸጡ ማስታወቂያ አየሁ። ኦሲሎስኮፕ ማለት በሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን ሞገድ በመስታወቱ ላይ በመስመር ሥሎ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ሰውየው ለምን እንደፈለግሁት ጠየቁኝና ስነግራቸው ለምን አትገዢም ሳይሉኝ «ስንት ዋት ነው?» አሉኝ። እዚያው በረንዳቸው ላይ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ዕቃውን እንደ ሕፃን አቅፌ ቤት ገባሁ፤ ሳሎን ካለው ከአምፕሊፋየሩ መውጫ ጋር አገናኘሁት፤ ሙዚቃ የለም፣ ዝምታ ብቻ። መስታወቱ ላይ ያለው መስመር ቀጥ ያለ መሆን ነበረበት። የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ጥርሶቹን ቆጥሬ ሳሰላው በሴኮንድ ስምንት ሺህ ያህል ጊዜ ይመላለሳል። ያ የእኔው ቢምቢ ነው።

አባባን ደውዬ ነገርኳቸው። በዚያው ሳምንት ባሌ ሥራ ላይ ስለነበር እኔው ሄጄ አመጣኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው መስታወቱን አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። በእኔ ዕድሜ ይኼ ድምፅ አይሰማም። ያን ዕለትም አውቀው ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በጆሮዬ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝና፣ አልሰማም ማለት አፈርኩ።»

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ሦስት ጊዜ አፍርሼ እንደሠራሁት፣ እጄን እንደቆረጥኩ ልነግራቸው ነበር። ግን እኚያ ትልቅ ሰው እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ሲቀመጡ ምን ይባላል? ሻይ ላምጣልዎት አልኳቸው። እሳቸው ግን መስመሩን ማየት ሲጀምሩ ተነቃቅተው ነበር። ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ሲሆን ጸጥ ካለ ጥፋቱ ከሳሎኑ ነው አሉ። በቤቱ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እየነቀልሽ እኔ መስመሩን ልይ አሉኝ። ማቀዝቀዣውን ነቀልኩ። «አለ» አሉኝ። ቴሌቪዥኑን ነቀልኩ፤ አለ። መብራቶቹን አጠፋሁ፤ አለ። በመጨረሻ ከቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ጀርባ ተንበርክኬ፣ አቧራ ውስጥ እጄን ስሰድ አንድ ትንሽ ቻርጀር አገኘሁ። ባሌ ከአንድ ነዳጅ ማደያ የገዛው፣ የሁለተኛ ስልኩ ቻርጀር። አምፕሊፋየሩ የሚሰካበት ማከፋፈያ ላይ ነው የሰካው። ነቀልኩት።

«ሄደ» አሉ አባባ።

እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። እውነትም ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሁለት ወር ሙሉ የራሴን ሥራ ሳፈርስ፣ ጥፋቱ የተቀመጠው ሶፋው ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ ከሚያየው ቴሌቪዥን ጀርባ ነው። ቻርጀሩን በእጄ ጨብጬ፣ ባሌ ሲመጣ የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር። አባባ ግን ሊነሡ ከዘራቸውን ሲይዙ ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

«ባለቤትሽ ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሃምሳ ሁለት።»

«እሱ መስማት ነበረበት» አሉ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ባሌን ሶፋው ላይ አስቀመጥኩትና አንድ ነገር እንሞክር አልኩት። ስልኬን ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኝቼ፣ ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚሄድ ድምፅ አወጣለሁ፣ ስትሰማ እጅህን አንሣ አልኩት። ጨዋታ መስሎት እየሣቀ ተቀመጠ። በወፍራሙ ወዲያው አነሣ። በሴኮንድ አንድ ሺህ፣ አነሣ። ሁለት ሺህ፣ አነሣ። ሦስት ሺህ ላይ ዘግይቶ፣ እያመነታ አነሣ። አራት ሺህ ላይ እጁ ጉልበቱ ላይ ቀረ። ድምፁን ጨመርኩ። አሁንም አላነሣም። ቢምቢዋ ወደነበረችበት ወደ ስምንት ሺህ ወሰድኩትና ደግሜ ጨመርኩ። የጎረቤት ውሻ መጮህ ጀመረ። እኔ ጆሮዬን በትከሻዬ ደፍኛለሁ። ባሌ ፈገግ ብሎ እያየኝ ይጠብቃል።

«ምነው ቆምሽ?» አለኝ። «ቀጥይ እንጂ።»

ድምፁን አጠፋሁት። ከኩሽና ስንት ጊዜ እንደጠራሁት፣ ስንት ጊዜ ፊቱን እንዳዞረብኝ አድርጌ እንደቆጠርኩበት፣ ስንት እራት ተኮራርፈን እንደበላን ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣብኝ። አንተ ሰው አትሰማም ስለው የኖርኩት እውነቴን ነበር፤ የምናገረውን ግን አላውቀውም ነበር።

ስነግረው አላመነኝም። ማሽንሽ ተበላሽቷል አለኝ። ማሽኑ ደህና መሆኑን የሚያሳየውን ቀጥ ያለ መስመር በኦሲሎስኮፑ ላይ፣ እጁን ያነሣባቸውን ቁጥሮች ደግሞ በደብተሬ ላይ አሳየሁት። ፊቱ ጨፈገገ። ሽማግሌ ልታደርጊኝ ነው የምትፈልጊው አለና ወጥቶ መኪናውን ማጠብ ጀመረ፤ ከሁለት ቀን በፊት የታጠበ መኪና።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያውቅ ልቡ የሚራራ ይመስለዋል። ራርቼለታለሁ፣ አልዋሽም። ግን የራራሁለትን ያህል አናደደኝ። ጆሮህን ተመርመር ብዬ አራት ወር ለመንኩት። አንዴ ጾም ነው ይላል፤ ጾምና ጆሮ ምን እንዳገናኛቸው እግዚአብሔር ይወቅ። አንዴ ኤርፖርት ሥራ የሚበዛበት ሰሞን ነው ይላል። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ያዝኩለት፤ ሁለት ጊዜ ሳይነግረኝ ሰረዘው። እኔ ደግሞ አሁን ስለማውቅ መጮህ አልችልም። ድሮ ሁለት ጊዜ ጠርቼው በሦስተኛው እገላገል ነበር፤ አሁን ከኩሽና ወጥቼ፣ እጄን አድርቄ፣ ፊት ለፊቱ ሄጄ እናገረዋለሁ። በቀን ሃያ ጊዜ። አንዳንዴ ባላወቅሁ እል ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ባልተለመደ ሰዓት ሥራውን ትቶ ቤት መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ የኩሽና ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንዲት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር ከኋላ አሳፍሮ ነበር። ልጁ መኪና አዙሮት ኖሮ ሴትየዋ አቁምልኝ ብላ ጠራችው። አልሰማም። ደግማ ሠልሳ ጠራችው። በመጨረሻ ትከሻውን በእጇ ስትመታው ደንግጦ መንገዱ ዳር ቆመ፤ ልጁ ግን ልብሱ ላይ አስመልሶ ነበር። ሴትየዋ እያለቀሰች ለምን እንደዚህ ትጨክናለህ አለችው።

«ሦስት ጊዜ ጠርታኝ ነበር» አለኝ መሬት መሬት እያየ። «የጨከንኩባት መሰላት።»

ውሃ ቀድቼ ሰጠሁት። ጠጥቶ ሲጨርስ «ቀጠሮውን ያዢ» አለኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ የመረመረችው ሴት ውጤቱን በሥዕል አሳየችን። መስመሩ ሦስት ሺህ ድረስ ቀስ እያለ መጥቶ ከዚያ እንደ ገደል ቁልቁል ይወርዳል። ከደብተሬ ጋር አንድ ነው። ልክ በመሆኔ አንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ በደስታዬ አፈርኩ። ምን ዓይነት ሥራ ሠርተሃል ብላ ስትጠይቀው ስለ ኮንክሪቱ መጋዝ ነገራት። የጆሮ መድፈኛ አይሰጧችሁም ነበር እንዴ አለችው። ይሰጡናል አለ። ግን እንግሊዝኛው ገና አልገባኝም ነበርና፣ ፎርማኑ ሲጠራኝ ሳልሰማ ብቀር ያባርሩኛል ብዬ ፈርቼ አላደርገውም ነበር አላት። ይህን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም። ሃያ ዓመት አብረን ኖረን፣ ለማያውቃት ሴት ሲናገር ነው የሰማሁት።

የታዘዙለት የመስሚያ መሣሪያዎች ደርሰው ጆሮው ላይ ተገጥመውለት ስንመለስ እሱ ነው የነዳው። ፓርከር መንገድ ላይ ወደ ግራ ለመታጠፍ ቆመን ነበር። በድንገት እጁን ከመሪው አንሥቶ ወደ ዳሽቦርዱ ጎንበስ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ቀጭ ቀጭ የሚለው?»

«ፍሬቻህ ነው።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ይላል?»

«ሁልጊዜ» አልኩት።

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ሰው እስኪያጮህብን ድረስ ጆሮውን ሰጥቶ ቆየ።

አሁን ቤታችን ሰላም ሆኗል ብል ውሸት ነው። ሃያ ዓመት ያልሰማው ሰው አሁን ሁሉን ይሰማል፣ የሰማውንም ሁሉ ያሳውቀኛል። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል ይላል። ፌስታል ስከፍት ፊቱን ያጨማድዳል። የቤት ጫማሽ ለምን ይንጫጫል ይለኛል። ቴሌቪዥኑን ዝቅ አድርጎ ስለሚከፍት ከኩሽና ሆኜ ዜናው አይሰማኝም፤ ከፍ አድርገው የምለው እኔ ሆኛለሁ። ትናንት ሽንኩርት ስከትፍ ከሳሎን ጠርቶ፣ ቢላዋው መክተፊያው ላይ በጣም ይጮኻል፣ ቀስ በይ አለኝ። ቢላዋውን አስቀምጬ ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ፎጣ አጥፌ ከመክተፊያው ሥር አነጠፍኩና መክተፌን ቀጠልኩ።